ብስክሌቱን ልሽጠው ወይስ ይዤው ልምጣ?

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው፤ ፋርማሲስት ነኝ። ትምህርት ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ ሥራም የተመላለስኩት በብስክሌት ነው። አሁን አዲስ አበባ፣ ቦሌ አትላስ አካባቢ ሥራ አግኝቻለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን የምወጣው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። በሌሎቹ ቀናት አሥራ አንድ ተኩል ላይ እወጣለሁ።

ቤት ሳፈላልግ ሦስት አማራጭ አገኘሁ። አክስቴ ሽሮ ሜዳ ናት። ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል አለ፤ ‹ኪራይ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ› ብላኛለች። ሁለተኛው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተጋርቼ። ሦስተኛው ገርጂ የሚገኝ ሰርቪስ ቤት ነው። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው፤ የደመወዜን ሲሶ ይወስዳል።

የማማክረው ሰው ሁሉ ‹አዲስ አበባ በብስክሌት አይኬድም፣ ሸጠሽው ነይ› ይለኛል። ብስክሌቱ የአባቴ ነበር። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ማርሽ የሌለው አሮጌ ብስክሌት ነው፤ ግን ጠንካራ ነው። ልሽጠው ወይስ ይዤው ልምጣ? ይዤው ከመጣሁስ የት ሰፈር ልግባ?

የጣና ልጅ፣ ከባሕር ዳር»

ውድ የጣና ልጅ፣

አትሽጪው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። ከገዢ ጋር ቀጠሮ ይዘሽ ከሆነ ግን አሁኑኑ ደውለሽ ሰርዢው።

«አዲስ አበባ በብስክሌት አይኬድም» የሚሉሽ ሰዎች ክፉ አስበውብሽ አይደለም። እነሱ በሚያውቁት አዲስ አበባ እውነትም በብስክሌት አይኬድም። እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሐዋሳ ስመጣ ይህንኑ ብለውኝ ነበር። አልሰማም ብዬ ብስክሌቴን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ብስክሌቱን በማምጣቴ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ቤቱን ስከራይ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደላላው በያዘው መኪና እየተዘዋወርኩ ተከራየሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ውሃ አለው፤ አከራይዋም ደግ ሴት ነበሩ። ችግሩ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ዳገት አይታይሽም። እኔ ያየሁት ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ነው። ግማሹን መንገድ እየገፋሁ ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት ታክሲ ጀመርኩ። ብስክሌቴ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ጎማው የተሰነጠቀው በመነዳት ብዛት አልነበረም፤ በመቆም ነው። ያ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። ደብዳቤሽን ሳነብም ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ያ ብስክሌት ነው።

ኋላ ቤት ቀየርኩ። ከተማው ያው ነው፤ ብስክሌቱ ያው ነው፤ እግሬም ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በሳምንት አራት አምስት ቀን እየነዳሁ ሥራ እገባለሁ። የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ስለዚህ «የት ሰፈር ልግባ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ጥያቄውን ትንሽ ላስተካክልልሽ። ከቤትሽ በር እስከ ሥራሽ በር ያለው መንገድ ምን ይመስላል? መጀመሪያ መንገዱን ፈልጊ። ቤቱን ከዚያ በኋላ መንገዱ ጫፍ ላይ ትፈልጊያለሽ።

ባሕር ዳር ሜዳ ነው። ከጣና ዳር ተነስተሽ ወደ ጊዮርጊስም ሂጂ ወደ ቀበሌ 14፣ ፔዳሉ እግርሽ ሥር አይለወጥም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ 380 ሜትሩን ሙሉ ለብስክሌት የራሱ መስመር አለው። አንቺ ያደግሽው ብስክሌት የያዘ ሰው እንደ ሰው በሚቆጠርበት ከተማ ነው። አዲስ አበባ ግን ተዳፋት ላይ የተሠራ ከተማ ነው። ከላይ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ከታች አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትሄጂ ትወርጃለሽ፤ ስትመለሺ ትወጫለሽ። ይህን ማንም ያውቃል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ወንዞቹን ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ሌሎቹም ከእንጦጦ በኩል ወርደው የከተማውን ላይኛ ክፍል ሸንሽነውታል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብትሄጂም ሜዳ አታገኚም። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ለመሄድ ካርታ ላይ ብታዪው ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ሲነዱት ግን ወደ ቀበና ድልድይ ቁልቁል ትወርጃለሽ፤ ድልድዩን ስታልፊ የወረድሽውን መልሰሽ ትከፍያለሽ። ወደ ቦሌና ወደ ገርጂ ስትመጪ መሬቱ ይዘረጋል። ዳገት የለም አልልሽም። ማርሽ በሌለው ብስክሌት የሚቻል ዳገት ነው።

እንግዲህ ሦስቱን አማራጮችሽን አንድ በአንድ እንያቸው።

የአክስትሽ ቤት ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። ኪራይ የለም፤ ቤተ ዘመድ አለ፤ ማታ ስትገቢ እራት አለ። በብስክሌት ዓይን ካየነው ግን ከሦስቱ ከባዱ እሱ ነው። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ አትላስ ስትወርጂ ፔዳል ብዙም አያስፈልግሽም። ላብ ሳይነካሽ ትደርሻለሽ። ጥሩ ይመስላል። አሁን የአባትሽን ብስክሌት አስቢው። አሮጌ ብስክሌት፣ አሮጌ ፍሬን፣ ረጅም ቁልቁለት፣ ጎንሽ የሚሽቀዳደም ሚኒባስ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የብስክሌት ፍሬን ቸርኬው ሲረጥብ ቶሎ አይዝም። ይህ የሚያስፈራኝ ነገር ነው፤ በቀላሉ አትለፊው። ማታ ደግሞ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆመሽ ውለሽ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ያለ ማርሽ መውጣት አለ። አንድ ሳምንት ትሞክሪዋለሽ። ሁለት ሳምንት ትሞክሪዋለሽ። ከዚያ ብስክሌቱ እንደኔው ግድግዳ ይደገፋል።

አክስትሽን ግን በአንዴ እምቢ አትበያት። «የመጀመሪያውን አንድ ወር አንቺ ጋ ልረፍ፤ ከተማውን ልልመድ፤ ከዚያ ለሥራዬ የሚቀርብ ቤት እፈልጋለሁ» በያት። ይህ እሷን ያስደስታል፤ ለአንቺም የሚጠቅምሽ ነው። ቤት የሚመርጥ ሰው ትልቁ ጠላቱ ችኮላ ነው። መጠጊያ ያለው ሰው ደላላ አያዋክበውም። ያ አንድ ወር ሥራ በታክሲ ትሄጃለሽ። ቅዳሜና እሁድ መንገድ ታጠኛለሽ።

ጀሞን በአጭሩ እናንሳው። መሬቱ መጥፎ አይደለም። በለቡና በጀሞ መካከል የብስክሌት መስመር ስለተሠራ ሰፈሩ ውስጥ ለመንዳት ይመቻል። ሥራሽ እዚያው ለቡ ወይም ሳር ቤት ቢሆን ኖሮ «ግቢ» እልሽ ነበር። ሥራሽ ግን አትላስ ነው። በአንድ ጉዞ ብቻ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ አራተኛ ፎቅ። አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም። የአባትሽ ብስክሌት ብረት ነው፤ ከባድ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ወጥተሽ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሰፈር ደርሰሽ፣ ብስክሌት ተሸክመሽ አራት ፎቅ? ታች ደረጃ ሥር ላስረው ብትዪ ደግሞ ጠዋት ኮርቻው ወይም ጎማው የለም። ስንት ሰው አውቃለሁ እንዲህ የሆነ። ጀሞን ተይው።

ገርጂ ነው የቀረው። እኔም የማዘነብለው ወደ እሱ ነው። ከገርጂ እስከ አትላስ እንደ መነሻሽ ይለያያል እንጂ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ረጋ ብለሽ ብትነጂ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም። ከሦስቱ ውስጥ ማርሽ በሌለው ብስክሌት ጠዋትም ማታም ሊነዳ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ሰርቪስ ቤት መሆኑም ለብስክሌት በጣም ይመቻል። ምድር ላይ ነው፤ በር የሚዘጋ ግቢ አለው።

ግን ገርጂም አንድ አስቸጋሪ ቦታ አለው፤ ቀለበት መንገዱን። በገርጂና በአትላስ መካከል ቀለበት መንገዱ አለ። የትም ብትዞሪ መሻገርሽ አይቀርም። ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ይከንፋል። የእግረኛ ድልድዮቹ ደግሞ ደረጃ ናቸው፤ ብስክሌት ትከሻ ላይ ይዞ መውጣት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያንን ግቢ ከማየትሽ በፊት የምትሻገሪበትን ቦታ እዪ። ኢምፔሪያል አካባቢ ሂጂና ቁሚ። ብስክሌት የያዘ ሰው እንዴት ያልፋል? ወርዶ እየገፋ ነው የሚሻገረው ወይስ ከመኪናው ጋር ይጋፋል? ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። እኔ ዛሬም አንድ አደባባይ ላይ እወርዳለሁ። ዋናው የምትሻገሪበት ቦታ ጠዋት ቢሆን፣ ማታ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን ሳትሳቀቂ የምታልፊው መሆኑ ነው። መንገዱ ሁሉ ጥሩ ሆኖ አንድ መሻገሪያ ክፉ ከሆነ መንገዱ ክፉ ነው።

እንዴት ትሞክሪዋለሽ? ብስክሌትሽ ገና ባሕር ዳር ነው። መጀመሪያ በእግርሽ ሂጂው። አዎ፣ በእግር። ከገርጂ ተነስተሽ እስከ አትላስ አንድ ሰዓት ገደማ ትሄጃለሽ። ታክሲ ውስጥ የማታዪውን ሁሉ ታያለሽ። አስፋልቱ የት ይቦረቦራል? የጎርፍ መውረጃ ክዳኑ የት ተነሥቷል? ሚኒባሶች ሰው ለመጫን ድንገት ወደ ዳር የሚወጡት የት ነው? ከዋናው መንገድ ጀርባ በኮብልስቶን የሚያስኬድ የውስጥ መንገድ አለ? የውስጥ መንገድ ይበልጥ ያንገጫግጫል እንጂ ብዙ ጊዜ ሰላም አለው። ከዚያ ከሰው ብስክሌት ተውሰሽ ወይም ተከራይተሽ ንጂው። የምትነጂው ግን በምትመላለሺበት ሰዓት ይሁን። እሁድ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ሌላ ከተማ ናት፤ ታታልልሻለች። ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ያለውን እዪ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይም አንድ ቀን ሂጂ፤ ያኔ ብቻሽን አትሁኚ። መብራቱ እስከ የት ይደርሳል? ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው በር ያለው የመጨረሻው ሁለት መቶ ሦስት መቶ ሜትር እንዴት ነው? ሰው የሚወድቀውም፣ ውሻ የሚያባርረውም፣ ሌባ የሚጠብቀውም ብዙውን ጊዜ እዚያች ላይ ነው። አስፋልት ነው፣ ኮብልስቶን ነው ወይስ ፒስታ? ፒስታ ከሆነ በሐምሌ ጭቃ ነው። አሁን ደረቅ መሬት ስታዪ ሐምሌን አስቢ።

ስለ አዲሶቹ የብስክሌት መስመሮች ሳላነሣ አላልፍም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት መንገዶች ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ወጥቷል። ከቦሌ ወደ መገናኛ፣ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ያሉትን ሄደሽ ማየት ትችያለሽ። እኔ ከሐዋሳ ስመጣ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አልነበረም። ያኔ የብስክሌት ሰው ደስ የሚለው መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ነበር። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ በዚያ እሁድ በባዶ አስፋልት ላይ ልጆች ሲነዱ አይቼ እንባዬ መጥቷል። አሁን ቢያንስ በአንዳንድ መንገድ ላይ በሥራ ቀንም ቦታ አለን። ለዚህ ለውጥ ሲባል ቤታቸው የፈረሰባቸውና ከሰፈራቸው የተነሱ ብዙ ሰዎች መኖራቸውንም አልረሳም። መስመሩ ላይ ስነዳ ይህም ትዝ ይለኛል።

መስመር አለ ማለት ግን መንገድሽ ተሟልቷል ማለት አይደለም። አንዳንዱ መስመር እየሄደ እየሄደ ድንገት ይቆማል፤ ራስሽን መኪና መሐል ታገኚዋለሽ። አንዳንዱ ላይ መኪና ይቆማል፤ ዕቃ ይራገፋል፤ እግረኛው ይሄድበታል። ስለዚህ «ሰፈሩ የብስክሌት መስመር አለው» ሲሉሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። ከየት እስከ የት? የኔን መንገድ ስንቱን ይሸፍናል? መስመሩ ከቤትሽ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ለእሁድ መዝናኛ ይሆናል እንጂ ለሰኞ አይሆንሽም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ደላላው «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል ነው» ይልሻል። ይበል። የገርጂው ቢያመልጥሽ እዚያው ገርጂ ውስጥ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ወይም ሃያ ሁለት አካባቢ ሌላ ሰርቪስ አይጠፋም። ሃያ ሁለት ከሆነ ደግሞ ቀለበት መንገዱን መሻገር ይቀርልሻል። ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ግን ጠይቂ። ለደላላው ስትነግሪው «ቦሌ አካባቢ» ብቻ አትበዪው። «ምድር ቤት፣ ግቢ ያለው፣ ብስክሌት የማስገባበት» በዪው። መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ደጋግመሽ ንገሪው፤ ይገባዋል።

አከራዩን ፊት ለፊት ጠይቂ። «ብስክሌት አለኝ፤ ማታ ማታ የት ላስቀምጠው?» አንዳንድ አከራይ ግቢው ውስጥ ብስክሌት ማየት አይወድም። ልጆች ይነካኩታል ይላል፤ መኪና ማዞሪያ ያጠባል ይላል። ይህን ከመግባትሽ በፊት መስማት ይሻላል። ከተስማማችሁ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፤ ብስክሌቱ የሚቀመጥበት ቦታ የት እንደሆነ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስድስት ወር ቅድሚያ ክፈዪ የሚልሽ ካለ ይህን አስታውሺው። ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ መንገዱን ደጋግመሽ እዪ የምልሽም ለዚህ ነው።

የደመወዝሽን ሲሶ ለኪራይ መክፈል እንደሚያሳስብሽ ይገባኛል። ወረቀት አውጪና አስይው። ከጀሞ አትላስ ለመድረስ አንድ ታክሲ አይበቃሽም። በቀን ስንት ጊዜ ትሳፈሪያለሽ? ማታ ሁለት ሰዓት ስትወጪ ታክሲ ከጠፋ በስልክ የምትጠሪው መኪና ስንት ያስከፍልሻል? በወር ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ከጀሞው ኪራይ ጋር ደምሪው። ከዚያ ከገርጂው ጋር አስተያዪው። ልዩነቱ ከምታስቢው ይጠባል ብዬ አምናለሁ። ሰልፍ ላይ የሚያልቀውን ሰዓት ሳንቆጥር ነው ይህ። ደምረሽ ገርጂው አሁንም ካልተመቸሽ ግን በዕዳ አትግቢበት። ያኔ አክስትሽ ጋ ትንሽ ቆይተሽ፣ ገርጂ ውስጥ የቤት ኪራይ የምትጋራሽ ልጅ ፈልጊ።

አንቺ ያላነሣሽው አንድ ነገር አለ። ምናልባት ባሕር ዳር ስለማያጋጥምሽ ይሆናል። እዚያ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ብትታይ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ተማሪዋም፣ ሠራተኛዋም፣ ቀሚስ የለበሰችውም ትነዳለች። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ገና አልተለመደም። ለከፋ ይኖራል። ከሚኒባስ መስኮት የሚጮህብሽ ይኖራል። ይህን የምነግርሽ እንዳትሸሺ ነው፤ ድንገት ሲገጥምሽ «እኔ ምን አጠፋሁ?» እንዳትዪ። ምንም አላጠፋሽም። በመንገድ ምርጫሽ ውስጥ ግን ይህንንም አስገቢ። ሥራ የፈቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚቆሙበት ጥግ ካለ በሌላ ቅያስ ዙሪ፤ ሁለት ደቂቃ ብትጨምር ምንም አይደል። በየቀኑ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት መሄድም ይረዳል። ሱቁ፣ ጎሚስታው፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው፣ የግቢው ጥበቃ ቀስ በቀስ ያውቁሻል። እህቴ ብስክሌት የጀመረችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ሲጮሁባት የነበሩት የሰፈር ልጆች አሁን ጎማዋ ሲተነፍስ ሮጠው የሚመጡት እነሱ ናቸው። በአዲሶቹ መስመሮች ላይም ማታ ማታ ወጣት ሴቶች ሲነዱ አያለሁ፤ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት በምትወጪባቸው ሁለት ቀናት ግን ለጊዜው ብስክሌቱን ቤት ትተሽ ብትሄጂ እመርጣለሁ። መንገዱን ከለመድሽው በኋላ ራስሽ ትወስኛለሽ። ያኔም የፊትና የኋላ መብራት ሳይኖርሽ አትውጪ።

ሥራ ቦታሽንም ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጠይቂ። ብዙ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው «ብስክሌት አይገባም» ይላል። መኪና ይገባል፣ ሞተር ይገባል፣ ብስክሌት ግን አይገባም። ያሳዝናል፤ ግን አለ። ለአለቃሽ አስቀድመሽ ንገሪ፤ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ጥግ በቂ ነው። እዚያም በሰንሰለት እሰሪው። አንድ ትርፍ ሸሚዝና ፎጣ ሥራ ቦታ ይኑርሽ። ፋርማሲ ውስጥ ሰው ፊት ነው የምትቆሚው።

ስለ ብስክሌቱ ራሱ ትንሽ ልጨምር። ማርሽ የሌለው መሆኑ አያሳፍርም። እዚያው ባሕር ዳር ወዳለው የብስክሌት ጠጋኝ ውሰጂውና የኋላውን ጥርስ በትልቅ ጥርስ ይቀይርልሽ። ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ግን እግርሽ ይቀለዋል። ለአዲስ አበባ ይህ ይሻላል። የፍሬኑን ላስቲክ በአዲስ አስቀይሪ። ይህን አታዘግዪው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ደካማ ፍሬን ያዘልቃል፣ እዚህ አያዘልቅም። ጭቃ መከላከያ ከሌለው አስገጥሚለት። ስትመጪ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ራስሽን አትግፊ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ ቶሎ ቢያጥርሽ ደክመሽ አይደለም፤ አየሩ ስስ ሆኖብሽ ነው። ይለመዳል።

አውቶቡስ ላይ ስታስጭኚው መሪውን ፈትተሽ ወደ ጎን አዙሪው። ካቴናውን በጨርቅ ጠቅልዪው፤ የሰው ሻንጣ እንዳያቆሽሽ። ሁለቱንም ፔዳል ፍቺና በቦርሳሽ ያዢያቸው፤ ሲጭኑም ሲያወርዱም መጀመሪያ የሚሰበረው ፔዳል ነው። የቀኙ እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ይፈታል። የግራው ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ካላዞርሽው አይፈታም። አባትሽ ምናልባት አሳይቶሽ ይሆናል።